በረኛውን ማንም አይጫወተውም

እህቴን ያገባት ሰው የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሥራው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሰው ጽሑፍ ላይ መቀመጥ ነው። እኔ በያጅ ነኝ። የምኖረው እነሱ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። እህቴ «ቤትህ ነው» ትለኛለች። እሱ ምንም አይልም፤ እኔ ግን የምሰማው የሱን ዝምታ ነው።

ሲጋቡ፣ አባታችን ስለሞቱ ልጅቷን የምሸኘው እኔ ነኝ ብዬ ሱፍ ተውሼ ሄድኩ። የሱ አጎት በር ላይ አገኘኝና ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አንተ ጠንከር ያልክ ነህ፤ የጥሪ ወረቀት የሌለው እንዳይገባ እዚች ቁምልን» አለኝ። ቆምኩ። ምግብ ሲነሳ እዚያው፣ ፎቶ ሲነሱም እዚያው ነበርኩ። አልበሙን ብታገላብጡት የለሁበትም። በአንዱ ፎቶ ብቻ በሩ ጫፍ ላይ ጫማዬ ይታያል።

ይሄን ያለ ነገር አላነሳሁትም።

እኔ ጌም እወዳለሁ። ጎልማሳ ሰው ጌም ይጫወታል ወይ ብላችሁ የምትስቁ ሳቁ፤ ስንቱ ስቆብኛል። ለአንድ ደንበኛ የመስኮት ብረት ሠርቼለት በምትኩ አሮጌ የጌም ማሽን ሰጠኝ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ግን ይሠራል። ከሥራ ስመለስ ኳስ እጫወትበታለሁ። አንድ ቀን ጎል ገባብኝና እንደ ልማዴ በረኛውን ሰደብኩት። ሰድቤው ሳበቃ ጆይስቲኩን አየሁት። ለካ በረኛውን አልነካሁትም! አጥቂውን ትነዳለህ፣ ተከላካዩን ትነዳለህ፤ በረኛው ግን ማሽኑ እንዳዘዘው ብቻውን ይወድቃል፣ ይነሳል። ማንም አይጫወተውም፤ ስድቡን ግን የሚያስቀርለት የለም። ጎል ሲገባ ካሜራው ካስቆጠረው ጋር ይሮጣል። እሱ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከመረቡ ሲያወጣ የሚያየው የለም።

ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

«ብሎግ ክፈቺልኝ» አልኳት እህቴን።

«የምን ብሎግ ጋሼ?»

«የጌም።»

ሳቀች፤ የእህት ሳቅ ነው የሳቀችው፣ አልከፋኝም። የኔን ስልክ መስታወት የብየዳ ብልጭታ በልቶታል፤ ስለዚህ በሷ ስልክ፣ በሷ ኢሜይል ከፈተችው። ስሙን «የበያጁ ጌም» አልነው። ፊደሉን በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ስለ በረኛው ጻፍኩ። ያንን የሠርግ በርም ጨመርኩበት፤ የማን ሠርግ እንደሆነ አልተናገርኩም።

ሰው አነበበው! አንዱማ «በሳቅ ጀምሬ መጨረሻው አንጀቴን በላው» ብሎ ጻፈልኝ። ያቺን ቃል ሥራ ቦታ ጭምብሌ ውስጥ ሆኜ ለራሴ ስደግማት ዋልኩ።

አራሚው ነገሩን እራት ላይ አነሳው።

«ወንድምዓለም፣ አየሁልህ። ሐሳቡ አይከፋም። ፊደሉ ግን፣ አይ ፊደሉ! ‹ኃይል›ን በሀሌታው ሀ ጽፈህ ዓይኔን አሳመምከኝ።»

«ድምፁ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አህያም በቅሎም በአራት እግር ነው የሚሄዱት» አለ። እህቴ ሳቀች። ይሄኛው ሳቅ የሚስት ነበር። «ትንሽ ላርምልህ?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። በሰው ማዕድ ተቀምጬ እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ጎበዝ አራሚ አረሙን ነቅሎ እህሉን ይተዋል ሲባል ነው የማውቀው። የኛው አራሚ በፊደሉ ጀመረ። ቀጥሎ «ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ» ብሎ ቆራረጠው። ከዚያ «ይሄ የግል ጉዳይ ነው፣ አንባቢን አይመለከትም» ብሎ የሠርጉን በር ነቀለው። በመጨረሻ በረኛው ላይ ደረሰ።

«በረኛ የሰፈር ቃል ነው» አለኝ። «የጽሑፉ ግብ ጠባቂ ነው።»

«ጌታው፣ ግብ ጠባቂ እኮ በር ላይ አይቆምም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

እንጀራዬን መጠቅለል ቀጠልኩ። እሱ ግን የገባው ይመስለኛል፤ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም።

በነጋታው ርዕሱ «የግብ ጠባቂ ሚና በቪዲዮ ጨዋታዎች» ሆኖ አገኘሁት። ብሎጉም «ዐውደ ጨዋታ» ተብሏል፤ ያውም በዐይኑ ዐ። ከታች «አዘጋጅ» ይልና የሱ ስም። በቅሎን ካነሳን አይቀር፣ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ።

እህቴን ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት።

«የይለፍ ቃሉን ስጪኝ።»

«ቀየረው እኮ ጋሼ። ለጥንቃቄ ነው አለኝ።»

«ከማን ሊጠነቀቅ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በኔ አላውቅም። «አደራህን፣ ቤቴን አትበጥብጥብኝ። ለአንድ ጌም ብለህ!»

ለአንድ ጌም። ወጣሁ።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄጄ አዲስ ብሎግ አስከፈትኩ። ጽሑፌን ከጭንቅላቴ ቃል በቃል መልሼ ጻፍኩት፤ በረኛውን በረኛ አልኩ፣ የሠርጉንም በር ቦታው መለስኩ። ምሳ ሳልበላ አስተያየት መጣ፦ «ይሄ ከዐውደ ጨዋታ የተሰረቀ ነው። ሲሰርቅ እንኳ ፊደል አያውቅም።» ከሱ በታች ያው አንጀቴን በላው ያለኝ ሰውዬ፦ «ይሄን እዚያ አንብቤዋለሁ። አታፍርም?»

ጠጋኙ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ፣ «አባባ፣ የሰው አትንኩ» አለኝ።

የቀረኝ እንደ ማንም አንባቢ ከዐውደ ጨዋታ በር ሥር ቆሞ መጮህ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ፣ ብልጭታ በበላው ስልኬ፣ «ይህን የጻፍኩት እኔ በያጁ ነኝ። በረኛ ነው እንጂ ግብ ጠባቂ አይደለም» ብዬ ላክሁ። ብዙም አልቆየ፣ ከግድግዳው ወዲያ የኮምፒዩተሩ ፊደል ሲንኳኳ ሰማሁ። መልሱ መጣ፦

«ውድ አንባቢያችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ‹የጻፍኩት› ሳይሆን ‹የጻፍሁት› ነው። አዘጋጁ።»

በዕድሜው እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ያከበረኝ እንደማያውቀኝ ሆኖ ነው።

እሑድ ከሰዓት የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ለብሎጉ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት መጡ። ውጭ ክላክስ ተነፋ።

«ጋሼ!» አለች እህቴ ከውስጥ። «እጄ ሊጥ ነው፤ በሞቴ፣ በሩን ክፈትላቸው!»

የግቢውን በር የበየድኩት እኔ ነኝ። ማጠፊያው እንዳይጮህ ቅባት የማጠጣውም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ክንፍ ከፍቼ ዳር ያዝኩ። መኪናዋ አጠገቤ ስትደርስ አንዱ በመስኮት አየኝና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አያችሁ፣ ሰውዬው በረኛም ቀጥሯል!» አለ።

ሳቁ። መኪናዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ አራሚዎች ነበሩ፤ ቃሉን ያረመው ግን የለም።

ገቡ። በሩን ዘጋሁት።