ጠብታው በላው የተባለው ዓይን

«ያ ጠብታ እኮ ነው የያዮውን ሰው የጎንፋን ዓይን የበላው።»

ጣሂራ ይህን ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። ቁርስ ላይ ትለዋለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ትለዋለች፤ ራኒያ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጠብታውን ልታደርግ ስትል ደግሞ አጠገቧ ቆማ ትለዋለች። ራኒያ የእህቷ ልጅ ናት። ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ዝም በይ አትባልም።

ራኒያ መቱ ገበያ አጠገብ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። ዶቃ በእጅ በመስፋት የሚስተካከላት እንደሌለ ታውቃለች፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ችግሯ መነጽሯ ነበር፤ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ፣ ባጎነበሰች ቁጥር በላብ ተንሸራቶ ጨርቁ ላይ የሚወድቅ። አዲስ አበባ ሄዳ ዓይኗን በሌዘር ስትታከም ሐኪሙ አጥብቆ ነገራት፦ ቁስሉ ጠባሳ ሳይዝ እንዲድን ጠብታው የግድ ነው፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ እሱ ባዘዘው መሠረት ነው፤ በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ፤ የዓይኗን ግፊት ለማስለካትም ትመለስ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ደጃፏ ላይ ቆማ የማዶውን ሱቅ ታፔላ አነበበች። ከዚያ ዓይኗ አንድ ቀን ጠራ፣ አንድ ቀን ደፈረሰ። ሐኪሙ ይህ ያለ ነው ብሏት ነበር፤ ግን ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ጣሂራ ቅርብ ናት። ዓይኗ በደፈረሰ ቁጥር የጎንፋ ነገር ይነሳል። ጎንፋም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ ጎንፋም ጭጋግ ጭጋግ ይለው ነበር። አንድ ሰሞን ራኒያ፣ «አክስቴ፣ ጎንፋ ባይኖር ምን ታወሪ ነበር?» እያለች ትመልስላት ነበር። በኋላ ምላሷም ዛለ። ዝናቡ አያባራም፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ዓይኗ ይቆረቁራታል፣ አክስቷ ታለቅሳለች።

«ዓይነ ስውር ልመራ ነው ያሳደግኩሽ?» አለች ጣሂራ አንድ ቀን።

ራኒያ የጠብታውን ብልቃጥ አንስታ አክስቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። አመነቻት ማለት አይደለም። ደከማት።

ጭጋጉ ግን ይብስ ወፈረ። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት፣ ቀጥሎ ዶቃው ራሱ። ሐኪሙ ዘንድ ስትመለስ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ጠባሳ ይዟል አላት፤ ጠብታው እንደገና ይጀመራል፤ ሙሉ በሙሉ ይለቃል ብሎ ግን ቃል አይገባም። ከርሞም አልለቀቀም። የሙሽራ ቀሚሱ ሥራ፣ ስፌቷ እንደ ያዮ መንገድ ወደሚጠማዘዘው ወደ ሌላዋ ሰፊ ወደ ኢብሴ ሄደ። ራኒያ ሱሪ ማሳጠር ያዘች።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ዓይናቸው የነጣ ሽማግሌ ሱሪ ይዘው ገቡ። ጣሂራ ገና ስታያቸው ነጠላዋን ሰብስባ በጓሮ በር ወጣች። ሰውየው ከያዮ ነኝ፣ ጎንፋ እባላለሁ አሏት፤ የጣሂራ የእህት ልጅ ሰፊ ናት ሲባል ሰምተው መምጣታቸውን ነገሯት።

ራኒያ መቀሱን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ያጠፋው ጠብታው ነው?»

«ጠብታው ምን አደረገኝ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሱማ ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ለሕመሙ የሰጡኝ ነው። የጫካ ቡና ሲለቀም ረጅሙን ቅርንጫፍ አንዱ አጉብጦ ይይዛል፣ ሌላው ይለቅማል። እኔ እየለቀምኩ ሳለ የያዘችው ለቀቀችው፤ ዓይኔን ገረፈኝ።»

«ማን ናት የያዘችው?»

ሽማግሌው በደህናው ዓይናቸው ወደ ጓሮው በር አዩ።

«አክስትሽ ናታ። ልጆች ነበርን፤ አልተቀየምኳትም።»