ከቀዩ ክልል በስተምሥራቅ

በውድድሩ ሁለተኛ ቀን የአቶ ምንዳዬ ግላይደር ያለ አቶ ምንዳዬ አረፈ።

ያረፈውም እንከን በሌለው መንገድ ነበር። ሞተር የሌለው ነጭ አውሮፕላን በሜዳው ጫፍ ዞረ፣ ጎማውን አወረደ፣ ሣሩን ቀስ ብሎ ነክቶ ዳኞቹ ያሰመሩት መስመር ላይ ቆመ። ከዚያ አንድ ክንፉን መሬት ላይ ጣል አደረገ። ሰዎች እያጨበጨቡ ሄዱ፤ የአቶ ምንዳዬ ባለቤት ወይዘሮ አልጣሽ ውሃ ይዘው ቀደሟቸው። የመስታወቱ ክዳን ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ሰብረው ሲከፍቱት ቀበቶው እንደታሰረ ነው፤ ወንበሩ ይሞቃል፤ ግማሹ የተበላ ብርቱካን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰው የለም።

ዋና ዳኛው አቶ ሰይፈሚካኤል የበረራ መቅጃውን ነቅለው ተመለከቱ። አውሮፕላኑ በተከለከለው የአየር ክልል ጠርዝ ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ መቶ ነጥብ ተቀነሰበት።

«ቅር ያለው ይግባኝ ማለት ይችላል» አሉ።

«ምንዳዬ የት ነው?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

አቶ ሰይፈሚካኤል መቅጃውን እንደገና አዩት። «እዚህ ላይ አርፏል ነው የሚለው።»

ወይንሸት ይህን ሁሉ ሜዳውን ከከለለው ገመድ ውጭ ቆማ አየች። በመቂ ከተማ መድኃኒት ቤት አላት፤ ሥራዋን ጨርሳ የምትተነፍሰው ግን አየር ላይ ነው። ባለፉት አራት ውድድሮች ከአቶ ምንዳዬ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች። መቶ ነጥብ ሲቀነስባቸው አንደኛ ማን እንደሆነ ለማወቅ ማስላት አላስፈለጋትም። ይህን ማሰቧ አሳፈራትና ዞር ብላ ወደ መኪናው ሄደች።

መኪናው ውስጥ ታላቅ ወንድሟ መኩሪያ ነበር። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ጨርሶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ እሷ ከላይ ስትበር እሱ ከታች ረጅሙን ተጎታች እየሳበ ይከተላታል። አየሩ ከድቷት የትም ማሳ ላይ ብታርፍ መጥቶ ያነሣታል። አንድም ቀን ሜዳ ላይ አምሽታ አታውቅም።

«ነገ ይቅርብሽ» አላት።

«ጠርዙን አልነካም፣ ጋሼ።»

«ምንዳዬስ ልንካው ብሎ ነው የወጣው?»



የተከለከለው ክልል ለምን እንደተከለከለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካርታው ላይ ከመቂ አጠገብ ካለው ሐይቅ በስተምዕራብ የተቀባ ቀይ ቅርጽ ነው። ከመሬት ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከሥሩ መኪናም ከብትም እንደልቡ ያልፋል። አብዛኛው ሰው ከታች የጦር ሰፈር ያለ ይመስለው ነበር። ከታች ያለው ግን ደረቅ ግራር ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አብራሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ሲሰበሰቡ አቶ ሰይፈሚካኤል ማስታወቂያ ነበራቸው።

«ቀዩ ክልል ሌሊቱን ወደ ምሥራቅ ተጠግቷል። ካርታችሁን አስተካክሉ።»

«ማን አስጠጋው?» አለ ደምመላሽ የሚባል ረጅም አብራሪ።

«ማንም አላስጠጋውም።»

«ዛሬስ ይንቀሳቀሳል?»

«ከተንቀሳቀሰ በሬዲዮ እንነግራችኋለን።»

ሁሉም ካርታቸውን አስተካከሉ።

ወይንሸት እኩለ ቀን ሲቃረብ ከሜዳው ተነሣች። በገመድ የጎተታት ሳቢ አውሮፕላን ለቋት ሲሄድ ጸጥታው መጣ፤ ሁልጊዜ የምትወደው ጸጥታ ነበር። የመጋቢት ፀሐይ መሬቱን ስላጋለችው የሚያነሣ አየር ሞልቷል። የሽመላ መንጋ ሲዞር አይታ ከመሃሉ ገባችና አብራቸው ወጣች። በስተምዕራብ ሰማዩ ከሌላው ሰማይ በምንም አይለይም፤ ሰማያዊ ነው፤ ትንንሽ ደመናዎች አሉበት። ሽመላዎቹ ግን ወደዚያ ሲደርሱ ምሰሶ እንደገጠመው ውሃ ሁለት ቦታ ተከፍለው ዞረው ያልፉ ነበር።

ደምመላሽ ከእሷ ፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ይዞራል። ድምፁ በሬዲዮ መጣ።

«ጥሩ አየር አግኝቻለሁ። ወይንሸት፣ ነይ ከሥሬ ግቢ፣ እየወጣሁ...»

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ወይንሸት ከፊቷ ያለውን የስክሪን ካርታ አየች። የቀዩ ክልል ጠርዝ ደምመላሽን አልፎታል።

የደምመላሽ ግላይደር መዞሩን አላቋረጠም። እንዲያውም ከበፊቱ አሣምሮ ይዞር ነበር። በአጠገቧ ሲያልፍ ባዶው ወንበር በመስታወቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታያት። የትከሻው ቀበቶ እንደተወጠረ ነው። የመሪው ዘንግ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀስ እያለ ይመለሳል። መንገድ ሊለቅላት ክንፉን ቀና አደረገ።

 ውድድሩንም አንደኝነቱንም እዚያው ተወችው። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ከፍታ እየቀነሰች ፍጥነት እየጨመረች ሸሸች። ቀዩ ጠርዝ ካርታው ላይ ከኋላዋ ይመጣ ነበር፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። አስፋልቱን ተሻገረች፤ መሬቱም ቀረባት። ግማሹ የታረሰ ሰፊ ማሳ መርጣ ወረደችበት።

በማሳው ላይ አንድ ሽማግሌ ያርሱ ነበር። በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ።

«ወድቀሽ ነው?» አሉ።

«አይ፣ አርፌ ነው።»

«ሞተሩስ?»

«የለውም።»

ነገሩ አልገረማቸውም። ስማቸው ኦቦ ቱፋ እንደሆነ ነግረዋት ከመቀመጫዋ እንድትወጣ እጃቸውን ሰጧት። ወይንሸት ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ማሳ ላይ። ከጤና ጣቢያው ወዲህ ነው።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ጋሼ፣ በአስፋልቱ እንዳትመጣ። በጠጠሩ መንገድ ዙር።»

«በእሱ እኮ ይመሽብኛል።»

«ይምሽብህ።»

«ወይንዬ፣ እኔ መሬት ላይ ነኝ። ክልከላው የሰማይ ነው። ፀሐይ ላይ አላቆይሽም፣ መጣሁ።»

ዘጋው። ክፍቱን የቀረው የአውሮፕላኗ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ፤ አቶ ሰይፈሚካኤል ነበሩ።

«እርማት አለን። የቀዩ ክልል ወለል ዝቅ ብሏል።»

«እስከ ስንት?» አለ የሆነ ሰው።

«እስከ መሬት።»

እንደገና ደወለች። ስልኩ ተነሣ።

«ጋሼ?»

የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። የፍሬቻው ቀጭ ቀጭም ይሰማል፤ መኪናው ከአስፋልቱ ሊወጣ እየታጠፈ ነው።

«ጋሼ መኩሪያ?»

ማርሽ ሲቀየር ሰማች። መኩሪያ ሁልጊዜ እንደሚቀይረው፣ ሳይነጥቅ፣ ቀስ ብሎ ነው የተቀየረው። ከዚያ ሌላ ምንም አልመጣም።

ብዙ ሳይቆይ መኪናው ረጅሙን ተጎታች እየሳበ ታየ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጎማውን አንድ በአንድ አሻገረ። ወደ ማሳው ገብቶ ዞረና ተጎታቹን እስከ ግላይደሩ አፍንጫ ድረስ የኋሊት አስጠጋ። ይህን ያህል ቀጥ አድርጎ የሚያስጠጋ ሰው ወይንሸት አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። የእጅ ፍሬኑ ተሳበ። ሞተሩ ጠፋ።

በሩን ከፈተች። ቀበቶው ታስሯል። ስልኩ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አልተዘጋም፤ የራሷ ትንፋሽ ከውስጡ ይሰማታል። መዳፏን ወንበሩ ላይ አደረገች። ይሞቅ ነበር። እንዲህ እንዳለች ቆየች፤ እጇን ያነሣች እንደሆነ ሙቀቱ አብሮ የሚሄድ መሰላት።

«ሾፌሩስ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ወንድሜ ነው» አለች።

ሽማግሌው ወንበሩን አዩ፤ እሷን አዩ። 

«እንሂድ አባባ። እየመጣ ነው፤ እዚህም ይደርሳል» አለች።

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

ወደ ምዕራብ ጠቆመች። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ማሳውና ሰማዩ ብቻ ነበሩ።

«በሬዎቼን ላምጣ» አሉ።

«ይተዉዋቸው።»

«በሬ ጥሎ የት ይኬዳል?» አሉና ሄዱ።

ወይንሸት ልትከተላቸው አሰበች። እጇን ከወንበሩ ማንሣት ግን አቃታት። ሽማግሌው በማሳው ማዶ ጫፍ ከበሬዎቹ ሲደርሱ አየቻቸው። አንገታቸውን መታ መታ አደረጉላቸው፤ እርፉን ጨበጡ፤ ጅራፋቸውን አነሡ። ዓይኗን አልጨፈነችም። በኋላ ጨፍኜ ይሆናል ለማለት ያህል እንኳ አልጨፈነችም።

በሬዎቹ መሳብ ጀመሩ። እርፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የያዘው ሰው የለም። ማረሻው ጠልቆ ገብቶ ጥቁሩን አፈር ይገለብጣል። ከትልሙ መጨረሻ ሲደርሱ ከሞፈሩ ጋር ተስማምተው ዞሩና ፊታቸውን ወደ እሷ አደረጉ። መዳፏ ሥር ወንበሩ እየቀዘቀዘ ነበር። ጅራፉ አየር ላይ ከፍ ብሎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጮኸ። ትልሙም ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ መኪናው መምጣቱን ቀጠለ።