ክንፍ ያለው ኬሎ

የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ጋሮማ በጋዜጣ መሃል ያደረቅኩትን አበባ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ዲቦራ፣ ያምራል። ግን ዘር የለውም" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። "አበባው አይበቃም እንዴ?"

"ከደንዲ ተራራ ግርጌ የሚበቅለው ኬሎም ቢጫ ነው። አንቺ ከላይ ያመጣሽው ሌላ ዝርያ ከሆነ የሚለየው በዘሩ ነው፤ ክንፍ ሊኖረው ይገባል። የማዘጋጀው የተራራው አበቦች ዝርዝር ደግሞ አርብ ይዘጋል።"

ጥፋቱ የራሴ ነው። ኬሎ ማለት ያው አደይ አበባ ነው፤ አደይ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈካ የፈካውን መርጬ ነው የምቀጥፈው፤ ዘር ያለው ግን የረገፈው ላይ ነው። የረገፈ አበባ ይዞ ለእንቁጣጣሽ ማን ይገባል? የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜም እጄ አመሉን አልተወም። ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ! "ሰብሳቢ፦ ዲቦራ አሰፋ" የሚለውን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ሐሙስ ማለዳ ከአምቦ ግንጪ በሚኒባስ፣ ከግንጪ ሽቅብ በሞተር ወጣሁ። ልቤ ከሞተሩ ቀድሞ ነበር። ስደርስ ግን ዳገቱ ተላጭቷል! የማሳው ባለቤት አዴ ሲንቄ ገብሳቸውን አጭደው፣ ዳር ዳሩን ከብት አስግጠውበታል። ቁጭ አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

"ምን ሆንሽ፣ ባርሲስቱ፣ አስተማሪዋ?" አሉኝ አዴ ሲንቄ።

ነገርኳቸው። ሳቁ። "ማሎ፣ ለዚህ ነው? ነይ ግቢ።"

ከበራቸው በላይ ለአዲስ ዓመት ከዚያው ዳገት አምጥተው የሰቀሉት እቅፍ አበባ ደርቆ ተንጠልጥሏል። እሳቸው እንደኔ አልመረጡም፤ የፈካውንም የረገፈውንም ከነሥሩ ነቅለው ነው ያሰሩት። አንዱን መዳፌ ላይ ፈረፈርኩና በማጉያ መነጽሬ አየሁት። ከዘሩ ግራና ቀኝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ!

"ክንፍ አለው! አዴ ሲንቄ፣ ክንፍ አለው!" እየጮህኩ አቀፍኳቸው።

"አዎ፣ በነፋስ ነዋ የሚሄደው" አሉ፣ ምንም ሳይገርማቸው። "የታችኛው ኬሎ ዘሩ በግ ላይ ይጣበቃል፤ ይሄኛው አይጣበቅም። ሁለቱ አንድ አይደሉም እኮ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ማን ጠየቀኝ?"

መስከረም ላይ አበባውን ስቀጥፍ እኚሁ ሴት አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ሰላም ብያቸው አለፍኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለኔ ነው። አፈርኩ።

አርብ ጠዋት ዶክተር ጋሮማ ዘሩን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የዝርያውን ስም ጻፉና የቀረውን እንድሞላ እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። "ሰብሳቢ" በሚለው መስመር ላይ "ሲንቄ ተሬፋ" ብዬ ጻፍኩ።