ትልም የሌለው ቅቤ

አሁንም ስጽፈው ምራቄ ይሞላል። ጣሳውን የከፈትኩት ለአራሷ ገንፎ ቅቤ ላወጣ ነበር። የልጅ ልጄ ራጂያ ከተገላገለች ሳምንት አልሞላትም፤ ጨቅላው በትንሹ ያስታውካል፣ እኔም በትንሹ እደነግጣለሁ። ማንኪያዬን ስሰካ አንድ ለስላሳ ነገር ያዘኝ። ሳብ ሳደርገው፣ ጅራት። አይጥ! ጸጉሯ ተለድፎ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ጥርሷ ገጦ። ማንኪያውን ወርውሬ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ።

ቅቤውን ትናንት ከፈረስ ቤት ገበያ ገዝቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣው ልጄ በድሩ ነው፣ የራጂያ አባት። ጩኸቴን ሰምቶ ከሱቁ መጣ። አይጧን አንጠልጥሎ ጣላትና ዙሪያዋን በቢላ ቆርጦ አወጣ።

"በቃ፣ እማ። የረጋ ቅቤ ነው። በሐዲሱ፣ አይጥ ብትገባበት እሷንና ዙሪያዋን አውጥቶ ቀሪውን መብላት ነው፤ የሚደፋው ፈሳሽ ከሆነ ነው። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?"

እውነቱን ነው፣ እኔው ነኝ። ጣሳውን ግን ከገንፎው አራቅኩት።

"በክት የተዘፈዘፈበትን ለአራስ?"

"ዙሪያው ወጣ እኮ! ይልቅ ሉባባን ይጠይቋት። ዩኒቨርሲቲ የላክናት ለምን ሆነና?"

ታናሽ ልጁ ሉባባ ለእረፍት መጥታ ነበር። ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፤ በአንዱ ውሃ፣ በሌላው ማር። ስንደዶ የምነክርበትን ቀይ ቀለም በየብርጭቆው ጠብ አደረገች። ውሃው ውስጥ ቀለሙ እንደ ጭስ ተበተነ፤ ብዙም ሳይቆይ ውሃው ሁሉ ቀላ። ማሩ ላይ ግን ጠብታዋ እንደ ትኋን ተቀምጣ ቀረች።

"ፈሳሽ ውስጥ ያለ ቅንጣት አርፎ አይቀመጥም፣ እማማ። ይራወጣል፣ ይጋፋል። ፈሳሹ ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይሰራጫል፤ ወፍራም ከሆነ ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል። የረጋ ቅቤ ደግሞ ከማርም ይብሳል።"

"ይኸው!" አለ በድሩ። "ሃይማኖቱም ሳይንሱም ከእኔ ጋር ነው። እርስዎ ብቻ ቀሩ።"

ሳቁብኝ። ዓይኔ ግን ከጣሳው አልነቀል አለ። ቢላ ያልነካው ገጹ ለጥ ያለ ነው፣ እንደ መስተዋት። የፈረስ ቤት ሴቶች ቅቤ የሚሞሉት በጣታቸው ጠቅጥቀው ነው፤ የጣታቸው ፈለግ ላዩ ላይ እንደ ትልም ይቀራል። ይኼኛው ትልም የለውም። አይጧ የነበረችው መሃል ላይ ነው፤ አንዲት ግራጫ ጸጉር ግን ጠርዙ ላይ ተጣብቃለች።

"በድሩ፣ ይኼን ጣሳ መኪናው ላይ የት ነበር ያስጫንከው?"

"ከላይ፣ ጣሪያው ላይ።"

"በዚያ ፀሐይ?"

በድሩ ጣሳውን ወደ ራሱ ስቦ ገጹን አየ።

"ቀልጦ ነበር። በክቷ እንደ ሾርባ ሥጋ ተቀቅላበት፣ ሌሊት በብርዱ መልሶ ረጋ። አንተ መርጋቱን አየህ እንጂ ፈሳሽ ሆኖ እንደነበር አልጠየቅህም።"

ሉባባ ፊቷ ጠቆረ። "ቀልጦ ከነበረማ ሁሉም ጋ ደርሷል፣ አባዬ።"

"አንጥረን በጨርቅ ብናጠልለውስ?"

"ጨርቅ ጸጉሩን ነው የሚይዝ" አለች ሉባባ። " ቅንጣት የሚበተንበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ተመልሶ አንድ ጥግ የሚሰበሰብበት ግን እንደሌለ ቁጠረው። ኢንትሮፒ ይሉታል። ይኼን ቀይ ውሃ ዓመት ብታስቀምጠው ቀለሙ በራሱ አይለይም።"

በድሩ አገጩን አከከ። "እንግዲያ አራሷ አትብላ። ለቅዳሜ ገበያ..."

ለሰው ሊሸጠው ነው! ይኼኛው ከአይጧም ባሰብኝ። የሰው አራስ አራስ አይደለችም?

ጣሳውን ምድጃ ላይ ጣድኩት። ቅቤው ሲቀልጥ፣ የዚያ ሽታ ከነአይጧ ሲነሳ፣ አፍንጫዬን ይዤ አወረድኩት። የላምባውን ጠርሙስ ገለበጥኩበትና በእንጨት አማሰልኩት።

"እማ! ምን ማድረግዎ ነው?"

"ካልቀለጠማ አይሰራጭም፤ ልጅህ አሁን አስተማረችን እኮ። በል፣ ላምባውን ለይና ሽጠው።"

ሉባባ አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ሳቅ ይሁን ሽታው እንጃ። በድሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ምራቁን ተፋ፣ ወደ ሱቁ ሄደ።

ራጂያ ገንፎዋን በኑግ ዘይት በላች። እኔ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ብታጠብም ላምባው ከቆዳዬ አልወጣ አለ። ጨቅላው ሲያለቅስ እስከ ማግሥቱ አላቀፍኩትም፤ በሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ከሩቅ አባበልኩት።