ለሶክራን ማን ይፈርምላት?

ሶክራን የኖረችው በጉንሳን ከተማ ወደብ አጠገብ ባለ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ገላ እያሸች ነው። በእንፋሎቱ መሀል ቆማ፣ ሻካራ ጓንቷን አጥልቃ፣ ደንበኞቿን እያገላበጠች እድፋቸውን ታስለቅቃለች። የሰፈሩን ሴቶች ከፊታቸው ይልቅ በጀርባቸው ትለያቸው ነበር። ማን በቀዶ ጥገና እንደወለደች፣ የማን ባል እጁን እንደሚያነሳ፣ የማን አጥንት እየሳሳ እንደሄደ ታውቃለች። እነሱ ስለ እሷ የሚያውቁት ግን እጇ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው።

ሆዷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሰላም ሰጥቷት አያውቅም። ሰገራዋ ላይ ደም ስታይ «ያልፋል» ትላለች፤ ያልፋልም፣ ተመልሶም ይመጣል። ዘንድሮ ግን አንዲት ደንበኛ እያሸች ሳለች እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረጋች። ሐኪሙ ምንም አልደበቃትም። የቆየው የአንጀት ቁስል ወደ ካንሰር መዞር ጀምሯል፤ ትልቁ አንጀቷ በሙሉ መውጣት አለበት። ትንሹን አንጀት ከታች እስኪቀጥሉላት ድረስም ሰገራዋ ሆዷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ይህን ሁሉ ተቀበለችው። ያርበተበታት ነርሷ ያነሳችው ጥያቄ ነው።

«አብሮዎት የሚሆን፣ የሚፈርምልዎት ቤተሰብ ማን ነው?»

ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ እዚያው በሄደበት ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። ወንድሟ ቡሳን ከተማ ይኖራል፤ በእናታቸው ቀብር ዕለት ከተጣሉ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም።

«ይመጣሉ» አለች ሶክራን፣ ማን እንደሚመጣ ሳታውቅ።

ሥራ ልታቆም ስትል አንዲት የቆየች ደንበኛዋ መጣች፤ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፣ ወሬ የማታበዛ አሮጊት። ሶክራን ጀርባዋን እያሸች ሳታስበው ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው። ለፊት የማይነገር ነገር ለጀርባ ይቀላል መሰለኝ። አሮጊቷ ፊቷን ሳታዞር፣

«ስሜን ታውቂዋለሽ?» አለቻት።

«አላውቀውም፣ እትዬ።»

«ናም ፒልሱን እባላለሁ። እህቴ ናት በያቸው። እኔም ጊዜዬ ሲደርስ አንቺ ትፈርሚልኛለሽ።»

ሶክራን ሙቅ ውሃ ቀድታ ጀርባዋ ላይ አፈሰሰችላት።

ሆስፒታል ስትገባ ፒልሱን እህቷ ነኝ ብላ ፈረመችላት። አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አምጥተው አጠጧት። የጨው ባሕር የጠጣች መሰላት፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ሳትወጣ ዋለች። ከዚያ ሌላ ነርስ መጥታ ከረጢቱ የሚለጠፍበትን ቦታ በእስኪርቢቶ ልታመለክትላት ሆዷን ገለጠች። ይቀመጡ፣ ይነሱ፣ ጎንበስ ይበሉ እያለች እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች። ሶክራን ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ዘመን የሰው ገላ ስትነካ ኖራለች፤ የእሷን ሆድ የሰው እጅ ከነካው ግን ቆይቷል። ነርሷ «አመመዎት?» ስትላት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ፒልሱን ለአስታማሚ በምትዘረጋው ዝቅተኛ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሱ እያለች ከጎረቤት በሽተኛ ቤተሰብ ጋር ትጨቃጨቃለች። ፋሻው ሲፈታ ሶክራን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፒልሱን ግን መነጽሯን አድርጋ፣ ሆዷ ላይ ወደወጣው ቀይ የአንጀት ጫፍ ተጠጋች።

«እንጆሪ ይመስላል» አለች። «እኔ የባሰ ነገር መስሎኝ ነበር።»

ቤቷ ከገባች በኋላ ነው የከበዳት። ከረጢቱ ተኝታ ሳለች ይለቃል፤ አንሶላ ስታጥብ ይነጋባታል፤ ቆዳዋ ይቃጠላል። የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት ደውላ፣ እስኪሻልሽ እረፊ አለቻት በትሕትና፤ ሌላ ገላ አሺ መቅጠሯን ግን ሶክራን ከሰው ሰማች። ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ተወች። ፒልሱን የሩዝ አጥሚት ይዛ ስትመጣ ሽታው እንዳይሰማት ፈርታ በሩን አልከፈተችም። አሮጊቷ ዕቃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን እያየች የገበያውን ወሬ አውርታ ትሄዳለች። ሶክራን ከውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ ኮቴው ሲርቅ አጥሚቱን ታስገባለች።

አንድ ቀን ግን ፒልሱን የመጣችው ባዶ እጇን ነው።

«ልጄ ሱዎን ከተማ፣ እሱ ቤት ሊወስደኝ ነው» አለች ከበሩ ወዲያ። «እሱን እምቢ ብዬው ነበር። ጉልበቴን ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም።»

ሶክራን ከፈተች። ፒልሱን ገብታ፣ የተሰጣውን አንሶላ በእጇ ገለጥ አድርጋ አልፋ ተቀመጠች፤ ስለ ሽታው ምንም አላነሳችም። ስትሄድ ሶክራን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻት። ካፖርቷን ከረጢቱ ላይ ጨምቃ ይዛ፣ አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ቆማ ቀረች።

ክረምቱ አልፎ፣ አንጀቷን የሚቀጥሉበት ቀጠሮ ሲደርስ ብቻዋን ሄደች። ነርሷ የሚፈርምልዎት ማን ነው ብላ ያንኑ ጠየቀቻት።

«የለኝም» አለች ሶክራን። «ራሴ እፈርማለሁ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻትና እስኪርቢቶ አቀበለቻት። ያን ያህል ስትፈራው የከረመችው ነገር ይኸው ነበር።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ ፈስ። አንጀት መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው በእሱ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ምግብ የለም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ጽዳት ሠራተኛዋም የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው። የአጠገቧ በሽተኛ ሲሳካላት ልጆቿ አጨበጨቡ፤ ባልየው ዘመድ አዝማዱን በስልክ አዳረሰ። ሶክራን የግሉኮስ ማንጠልጠያ ብረቷን ይዛ ኮሪደሩን ስትመላለስ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ሁሉም እንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ ብቻዋን መስኮቱ ጋ ቆማ ሳለች መጣ። ዙሪያዋን አየች። የሰማ የለም። ወደ ሱዎን፣ ለፒልሱን ደወለች።

«እትዬ፣ ወጣ።»

ከወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ፒልሱን ልጆቹን ዝም አሰኘች።

«ድምፅ ነበረው?»

«ነበረው።»

«ጎሽ። በይ አሁን ብይ» አለች አሮጊቷ፤ ከዚያም መክሰስ ቀረበ ብለው ጠሯትና ስልኩ ተዘጋ።

ለሶክራንም ስስ አጥሚት መጣላት። መጋረጃዋን ስባ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቀስ ብላ በላች።