ከኋላዬ የሚነዳው ሰው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አባቴ ገበያ በወጣ ቁጥር ይህን ሲል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሐርጌሳ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የዘወትር ጸሎቴ ሆነ። ሰው አገር ነኛ! ብየዳ ቤቴ አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ውስጥ በተከራየሁት ግቢ ነው። የሰው በር ስበይድ እውላለሁ፤ የራሴ የምለው በር ግን የለኝም። በዚህ ከተማ የእኔ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርለት ነገር ቢኖር ሞተሬ ብቻ ነው።

ሞተር ስላችሁ ዕቃ የምታመላልሰዋን ትንሿን እንዳይመስላችሁ። ክሩዘር ነው፤ ሺህ መቶ ሲሲ ያማሃ። ዝቅ ያለ፣ ረዥም፣ መሪው ሰፊ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ተንደላቆ የሚነዱት። ከዱባይ በኮንቴይነር ሲመጣ ቁርጥራጭ ብረት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ለፋሁበት፤ ሰልባትዮውን፣ ነዳጅ መያዣውን፣ ቀጥቅጬ አቃናሁ፣ የጭሱን ማርሚታ በየድኩ፣ ኒኬሉን ፊቴ እስኪታየኝ ፈተግኩ። ሚስቴ ሸዋርካብሽ ለጎማው ብላ የአንገት ሐብሏን ሸጣለች። ስለዚህ በሞተሬ የመጣ በዓይኔ መጣ።

ችግሩ ሊብሬው ነው። የውጭ ሰው ስለሆንኩ በስሜ ማውጣቱ አላልቅ ሲለኝ ዋስ ሆኖ በስሙ ያወጣልኝ ባሬ ነው። ባሬ ስልሳ ዓመት ያለፈው የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በጦርነቱ ጊዜ እኛ አገር ተሰዶ ሐርቲሼክ ካምፕ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ሃያ ዓመት ጭነት አመላልሷል። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ስድቡማ አይነሳ! መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱ ስለው «አንቱ ብለህ አታስረጀኝ፤ ገና ሞተር ላይ እወጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ባሬ እያልኩ አንተ እለዋለሁ።

አርብ አርብ አብረው ከሚነዱት ጋር የቀላቀለኝም እሱ ነው። አምስት ነን። መሪያችን ኢጋል ነው፤ ከለንደን የተመለሰ፣ ቁጥብና ቆፍጣና ሰው። ሁለት ነጋዴ ወንድማማቾች አሉ። እኔ አለሁ። መጨረሻ ላይ ባሬ ይነዳል። ኢጋል አማርኛ አይችልም፤ እኔም ሶማሊኛዬ ለገበያና ለጠብ የሚበቃ ነው።

የአነዳዳችን ሕግ አንድ ነው። መንገድ የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ኢጋል እጁን ወደሚታጠፍበት ይዘረጋል። ወዲያው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ሞተሩን እዚያው ያቆምና መጨረሻ የሚመጣው ባሬ እስኪደርስ ምልክት ሆኖ ይጠብቃል። ባሬን ሳያይ ንቅንቅ የለም። ባሬ ደግሞ ሰው ቆሞ ካየ ይታጠፋል፤ ሰው ከሌለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በቃ፣ ንግግር የለም፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማን ማንን ይሰማል? ኢጋል ደጋግሞ የሚላት ነገር አለች፤ «ቦታውን የለቀቀ ሰው ሁለተኛ ከእኛ ጋር አይነዳም።»

ነገሩ የተበላሸው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ባሬ ሊብሬውን «ላሳድሰው» ብሎ ወሰደ። ሦስት ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ አሥረኛው ቀን ላይ ውሃ በላው። ብጠይቀው «ኢንሻአላህ» ይለኛል። ኢንሻአላህ መቼ? ከዚያ አንድ ቀን ብረት ልገዛ ስወጣ ሻይ ቤት በር ላይ ከአንድ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ ያሳየዋል። በጀርባው በኩል ጠጋ ብዬ ሳይ የእኔ ሞተር! ሰውየው «ሺህ መቶ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ባሬ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ስልኩን ኪሱ ከተተና «አቻምየለህ፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። ሻይ! ደሜ ፈላ። ሊብሬው በስሙ፣ ፎቶው በእጁ፣ ገዢው ከፊቱ፤ ምን ቀረ?

አርብ ጠዋት ለሸዋርካብሽ ነገርኳት።

«ጠይቀዋ!» አለችኝ።

«ሌባ ተጠይቆ አምኖ ያውቃል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጋሽ ባሬን ሌባ ስትል ምላስህ አይሰበርም? ከፍስኩ ጾመህ በሰው ላይ ግን ጥርስህን ትስላለህ።»

ይህን ጊዜ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ምሳ ዕቃዬን እንኳ አልያዝኩም። የዚያን ዕለት የምንሄደው ከተማው ዳር ካለው ከአያሃ ሰፈር ወዲያ ወዳለው የኢጋል አጎት እርሻ ነበር፤ ፍየል ማረዳቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ ጾሙም ባይኖር የእስላም ሥጋ አልበላም፤ ሁሌም ምሳዬን ቋጥሬ ነው የምሄደው። ይሁን፣ ጦሜን እውላለሁ አልኩ።

ተሰብስበን ልንነሳ ስንል የባሬ ስልክ ጮኸ። ራቅ ብሎ አወራና ተመለሰ። ለእነ ኢጋል በሶማሊኛ፣ ለእኔ በአማርኛ «እናንተ ቅደሙ፤ አንድ ቤት ጎራ ብዬ እደርስባችኋለሁ» አለ።

«የማን ቤት?» አልኩት።

«አንተ ምን አገባህ?» ብሎ ሳቀ። ዓይኔን ዓይኔን እያየ ነው የሳቀው።

አያሃን አልፈን ጠጠሩ መንገድ ላይ ወጣን። ዋዜማውን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አቧራው ረግቷል፤ ለመንዳት የተመቸ ቀን ነበር፣ ለሚደሰት ሰው። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሳንቆም አለፍን። ሁለተኛው ላይ ግን ኢጋል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። አንደኛው ወንድም ነበር። እሱን በእጁ አሳለፈና እኔን ጠራኝ። ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋ። ቀጥታ ያለው ደህና ሰፊ መንገድ ነው፤ በግራ ያለው ግን እሾህ መሀል የምትሽሎከለክ የመኪና ዱካ። ለምን በግራ? ለምን ተራዬ ሳይሆን እኔ? ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ።

ሞተሬን አጠፋሁና ቆምኩ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ባሬ የለም። ፀሐይዋ አናቴን ትበሳኛለች፣ ሆዴ ይጮኻል። ከዚያ በግራው ዱካ አንድ ፒካፕ መጣ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ አሉ። ጋቢና ያለው ሞተሬን ከመብራቱ እስከ ማርሚታው በዓይኑ ለካው፣ ስልክ አወጣ፣ የሆነ ነገር ተናገረና ሳቀ። ከተናገረው ውስጥ የሰማሁት «ሞተር» የምትለዋን ብቻ ነው። ሄዱ።

አሃ! አልኩ። ሊብሬው፣ ፎቶው፣ ሳቁ፣ «አንድ ቤት» ያለው፣ ተራዬ ሳይደርስ እዚህ ምድረ በዳ መገተሬ። ለካ ምልክት ያደረጉኝ ለባሬ ሳይሆን ለገዢ ነው! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ከኋላዬ የሚነዳው በከንቱ አልነበረም። ሞተሬን አስነሳሁ። በመጣንበት ብመለስ ከባሬ ጋር እንገጣጠማለን፤ ስለዚህ ፍየል የሚነዱበትን ዱካ ይዤ በአያሃ ጀርባ ዞርኩ። ስልኬን አጠፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ሰዓት ደስ ብሎኛል። ነቃሁባቸው ብዬ መንገዱን ሙሉ እያፏጨሁ ነው የገባሁት።

ሞተሩን ግቢ አስገብቼ በሰንሰለት እያሰርኩ ሳለ ሸዋርካብሽ ወጣች።

«ምነው በጊዜ? ምሳህ ደረሰልህ?»

«የምን ምሳ?»

«ጥለኸው ሄደህ ለጋሽ ባሬ ደውዬ እኮ ነው! እዚህ ድረስ መጥቶ ወሰደልህ። ሽሮውን ገና እያሞቅኩ ስለነበር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ‹ጦሙን ከሚውል እኔ ልዘግይ› አለ። አላገኘህም?»

ክው አልኩ። ስልኬን ስከፍት ኢጋል አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ። ቶሎ ቶሎ ስለሚናገር ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግን በቂ ነበር። በቀጥታው መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ የትናንቱ ጎርፍ ወስዶታል። ኢጋል ይህን ከአጎቱ ሰምቶ ነው በግራ ያዞረን። ባሬ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የቆመ ሰው አላየም። ሰው ከሌለ ቀጥ በል ነው ሕጉ፤ ቀጥ አለ። ኩርባውን ሲጨርስ ድልድዩ የለም።

ባሬን የወሰዱበት ሆስፒታል እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በመንገድ ሙሉ «ብቻ ይትረፍ፣ ሞተሩንም ይውሰደው» እያልኩ ነበር። ተርፏል። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጎኑ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ፊቱ በጠጠር ተግጧል። ኢጋልና ወንድማማቾቹ አልጋውን ከበው ቆመዋል። ስገባ ኢጋል ዞር ብሎ አየኝ። ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ ብሎ፣ በሶማሊኛ ጠየቀኝ።

«ቦታህ ላይ ነበርክ?»

እኔ ከመናገሬ በፊት ባሬ ከአልጋው ላይ መለሰ። «ነበረ። ወላሂ፣ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ እኔ ነኝ ያላየሁት። እሱ ምን ያድርግ?»

መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት። እግሩ ተሰብሮ እየዋሸልኝ እንኳ መጠርጠሬን አላቆምኩም።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደርሶ ሦስቱ ወጡ። ከባሬ ጋር ሁለታችን ቀረን። ጣሪያውን እያየ «የት ሄድክ?» አለኝ በአማርኛ።

«ቤቴ።»

«ለምን?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሞተሬን ልትሸጥብኝ መስሎኝ ነው፣ ጋሽ ባሬ።»

ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! ያን ሁሉ የሹፌር ስድብ እየቻለ አንዲት ቃል አልወጣውም። ቆይቶ «ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ሊብሬህ አለ። ታድሷል። ዛሬ ምሳ ላይ ልሰጥህ ነበር» አለ። ሻይ ቤት በር ላይ ፎቶውን ያየው ሰው ማን እንደነበረ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። በምን አፌ?

«ለኢጋል ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«አንተን ብዬ እንዳይመስልህ። አንድ ሐበሻ ሰው ጥሎ ሄደ ከተባለ ነገ ለሐበሻ ዋስ የሚሆን ይገኛል? እኔም አገራችሁ ስደተኛ ነበርኩ። ዋስ ማጣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።» ትንፋሽ ወሰደ፤ ጎኑ ያመዋል። «ከእነሱ ጋር ንዳ። ሞተሩም ያንተ ነው፣ ማንም አይነካህም። እኔ ግን እግሬ ቢድን እንኳ ካንተ ኋላ አልነዳም።»

እንባዬ መጣ። ይቅር በለኝ ልል ስል በሩ ተከፈተና ኢጋልና ወንድማማቾቹ ገቡ። ኢጋል መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ተራህ ሳይደርስ ያቆምኩህ እኮ ድልድዩ ስለፈረሰ ነው» አለኝ። «ከሁሉም አንተ ቦታህን አትለቅም ብዬ ነው።»

ይህን መሸከም አልቻልኩም። «አልቆምኩም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጥዬው ነው የሄድኩት። በእኔ ጥፋት ነው እዚህ የተኛው።» የተናገርኩት ግን በአማርኛ ነው። አመለጠኝ ልላችሁ እችል ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እንጃ፣ አውቄ ሳይሆን አይቀርም።

ኢጋል ወደ ባሬ ዞረ። «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው።

ባሬ እኔን አየኝ። ረዥም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በሶማሊኛ «አላህ ያሽርህ ነው የሚለኝ» አለው።

ሰምቼዋለሁ፤ ገብቶኛል። «አልቆምኩም» ማለት በሶማሊኛ ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ኢጋል «አሚን» አለ። ወንድማማቾቹም ተከትለው «አሚን» አሉ። ሦስቱም ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አሜን» አልኩ።