ጥሩምባውን ማን ጣለው?

ሴትዮዋ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መነጽር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን ትለካለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከተዘጋው ሳሙና ፋብሪካ ጀርባ ቆሻሻ ትቆፍራለች። "የደህና ሰው ልጅ ምን አጣሁ ብላ ነው?" የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም። ምን አጣች? አሮጌ ጠርሙስ ነዋ! ጎኑ ላይ የሚታየው የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር አንገቱ ላይ ካበቃ አፉ በእጅ የተሠራ ነው፤ እስከ ከንፈሩ ከዘለቀ የማሽን ሥራ ነው። ይህን አንዴ ካወቁ በኋላ የቆሻሻ ክምር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ይህን አመል ያስለመዷት ጋሽ ቧንቧ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማውን ቧንቧ ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ እጃቸው አካፋ መልቀቅ እምቢ አለ። ምላሳቸውም ቢሆን አያርፍም። "ዕቃን ዕድሜውን አትጠይቂው፣ ይዋሻል። ጎረቤቶቹን ጠይቂ" ይሏታል ሁልጊዜ።

የዚያን እሑድ አካፋዋ ከብረት ጋር ተጋጨ። በእጇ ጭቃውን ስትጠርግ ሰፊ የነሐስ አፍ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ አንገት፣ ቀጥሎ የጣት መጫኛዎች። ጥሩምባ! ጋሽ ቧንቧ ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸው። እሷ ግን ጎኑ ላይ በሚስማር የተጫረውን ኮከብ አይታ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። ያንን ኮከብ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ስታየው አድጋለች። የአባቷ ጥሩምባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በወጣትነቱ ስሙ የተጠራ ጥሩምባ ነፊ ነበር። እሷ ተወልዳ ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ቤቱን በለቅሶ ስታናጋው ጊዜ፣ አንድ ቀን አውጥቶ ጣለውና የዚሁ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ ይባላል። ይህ ወሬ ያልተወራበት የቤተሰብ ግብዣ የለም። ታላቅ ወንድሟማ "ጥሩምባ አስጣይ" እያለ ነው የሚጠራት። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ጥርስ ባዳ ነው። ውስጧ ግን ሁሌም ያማታል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው እንኳ የላትም።

"ይኸው ማስረጃው" አለች። "በእኔ ምክንያት ጣለው።"

"መቼ?"

"ስወለድ ነዋ! አያዩትም እንዴ? ጥሩምባው በዕድሜ ይበልጠኛል።"

"እኔም እበልጥሻለሁ፤ ገና አልተጣልኩም" አሉ ጋሽ ቧንቧ። "ዕቃ የሚጣለው በተሠራበት ዘመን ነው ያለሽ ማነው? ይልቅ ከሥሩ ምን አለ?"

ከሥሩ የተጨፈለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወጣ፤ የፋብሪካው ምልክት ያለበት የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ፈገግ አሉ።

"ይሄ ፋብሪካ ድሮ ደረቅ ሳሙና ብቻ ነበር የሚሠራው። የፈሳሹን መስመር የዘረጋሁላቸው እኔ ነኝ፤ አባትሽን በቀበርን በዓመቱ። አፈሩ ደግሞ እንደተደፋ ነው፤ ከእኛ በፊት ማንም አልቆፈረውም። ጠርሙሱ ከታች፣ ጥሩምባው ከላይ።"

ጠርሙሱን ተቀብላ እሷም አገላበጠችው።

"የሞተ ሰው ዕቃ አይጥልም፣ ልጄ። የዘበኛ ቤቱን ሲያፈርሱ ውስጡ የነበረውን ሁሉ እዚህ ደፍተውት ነው የሚሆነው።"

"ታዲያ እስኪሞት ድረስ እዚያ ደብቆት ነበር ማለት ነው? ቢነፋውስ እንዴት ሰው አልሰማም?"

ጋሽ ቧንቧ ቧንቧ የሚመስል ነገር ካዩ ውስጡን ሳይፈትሹ አይተዉም። ጣታቸውን በጥሩምባው አፍ ሰደዱ። "ተደፍኗል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!" ብለው ሲጎትቱ ጭቃ የጠገበ አረንጓዴ ጨርቅ ተከተላቸው። ናይለን ስለሆነ አልበሰበሰም። የተማሪ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ላይ በነጭ ክር ተጥፏል። እሷ ገና ስታየው አወቀችው። ሹራቡን ከነጥሩምባው አቅፋ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ ወደ እናቷ ቤት ገሰገሰች።

አሮጊቷ ጥሩምባውን ትታ ሹራቡን አነሣች።

"ይሄ ስምንተኛ ክፍል ሆነሽ የጠፋብሽ አይደለም? አረንጓዴ ክር አጥቼ በነጭ የጣፍኩት!"

"አዎ፣ ጣልሽው ብለሽ የገረፍሽኝ። ጥሩምባው አፍ ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘነው። አባዬ ዘበኛ ቤት ሆኖ ሲነፋ ድምፁን ሊያፍንበት ነው የወሰደው።"

"ሌባው እሱ ኖሯል!" እናቷ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠና ሹራቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔን ፈርቶ ነው" አለች ቀስ ብላ። "'ወይ እኔን ምረጥ ወይ ጥሩምባውን' ያልኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ያለቅሳል፤ ሌላ ምን ሥራ አለው? ሁሉም ባንቺ ሲያላክክ ግን ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።"

ሴትዮዋ ተናደደች? እንዴታ! ግን ንዴቱ ብዙም መቀመጫ አላገኘም፤ ደስታው ቀድሞ ሞልቶት ነበር። አባቷ በአዳር ተራው፣ የገዛ ልጁን ሹራብ ጥሩምባው አፍ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ እያፈነ ይነፋ ነበር። ምንም አላሳጣችውም። ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

"አቤት፣ ጥሩምባ አስጣይ!"

"አላስጣልኩም" አለችው፣ እንባዋ እየወረደ። "ቁጭ በልና ስማኝ።"